ራሴን የላጨው መድኃኒት

ቅቤ ነጋዴ ነኝና ሰው አላምንም። ይህን ስናገር አላፍርም። ከላዩ ወርቅ የመሰለ፣ ከሥሩ ግን የላመ ሙዝ ወይም የፋብሪካ ቅባት የተለወሰበት ስንት ቅቤ ትክል ድንጋይ ገበያ ላይ አይቻለሁ። ስለዚህ እንጨት ሰድጄ ከመሐሉ አወጣለሁ፤ መዳፌ ላይ አቅልጬ አሸተዋለሁ፤ ከዚያ ቀና ብዬ የሻጯን ዓይን አያለሁ። ዓይኗ ከሸሸ አልገዛም። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይላሉ፤ እኔ እስከ ዛሬ አልተመነጠርሁም። «የአበቡ ጥርጣሬ ከቅቤ አልፎ ለሰው ተረፈ» እያሉ ያሙኛል አሉ። ይሙኝ።

ጡቴ ላይ እብጠት ወጥቶ ጎንደር ሆስፒታል ስተኛም ይኸው ጠባዬ አብሮኝ ተኛ። ሐኪሞቹ ጡቴን ቆርጠው አወጡት። ቁስሉ ሲደርቅ ተገላገልሁ ብዬ ልብሴን ስሰበስብ «ገና ነው፤ አሁን ደግሞ ኬሞ ትጀምሪያለሽ» አሉኝ። የታመመውን ቆርጣችሁ ከጣላችሁት ምን ቀረ? አንዱን ዕቃ ደግመው ሊሸጡልኝ ነው አልሁ በሆዴ።

መድኃኒቱን የምትሰጠው ነርስ ኤልሳ ትባላለች። ልጅ ናት፤ እግዜር ግን ትዕግሥቱን አልነፈጋትም።

«ያየነውን አወጣነው እናቴ» አለችኝ። «ያላየነው ግን በደምሽ ሄዶ ሌላ ቦታ ተደብቆ ሊሆን ይችላል። አረም ስትነቅይ ዘሩ መሬት ላይ ይቀር የለ? ይህ መድኃኒት የሚሄደው ለዚያ ነው።»

«የተደበቀውን በምን ያውቀዋል?»

«አያውቀውም። ቶሎ ቶሎ የሚያድገውን ሁሉ ይመታል። ነቀርሳው ቶሎ ያድጋል። ጠጉርም ቶሎ ያድጋል፤ የአፍሽና የአንጀትሽ ውስጠኛው ገላም እንዲሁ። ለዚህ ነው የሚያቅለሸልሽሽ፣ አፍሽ የሚቆስለው፣ ጠጉርሽም የሚረግፈው። ከዚያ ገላሽ እንዲያገግም እናሳርፍሽና ደምሽን አይተን እንደገና እንሰጥሻለን። ጠጉርሽ ይመለሳል። ነቀርሳው እንዳይመለስ ግን ቀጠሮ እንዳታሳልፊ።»

ወዳጅና ጠላት የማይለይ ነገር እንዴት መድኃኒት ይባላል? ይህንንም በሆዴ ያዝሁት። መድኃኒቱ ደግሞ እንደ ቀይ ጠጅ ያለ ቀይ ነው። ኤልሳ ቀዩን በመርፌ ቀድታ በክንዴ ወደሚንጠባጠበው የላስቲክ ከረጢት ውኃ ስታወርደው አየሁና ከትራሴ ቀና አልሁ።

«እኔ የከፈልሁት ለቀዩ ነው። ውኃውን ማን አዘዘሽ?»

ሳቀች። «ብቻውን ቢገባ ደም ሥርሽን ያቃጥለዋል እናቴ።»

ቅቤ ላይ ውኃ የሚጨምሩም ምክንያት አያጡም። ጠርሙሱ ሥር የቀረ ካለ ብዬ ባዶውን ተቀብዬ ወደ መስኮቱ ይዤ አየሁት። ልቤ ያረፈው ሽንቴ ቀይ ሲወጣ ነው። ኤልሳ እንዳልደነግጥ ቀድማ ነግራኛለች፤ እኔ ግን መደንገጥ ቀርቶ ደስ አለኝ። ቢያንስ ቀዩን አልሰረቁኝም። በሄድሁ ቁጥር የሚቀዱትን ደም ወዴት እንደሚወስዱት ግን እስከ ዛሬ ሙሉ በሙሉ አላመንኋቸውም።

ዋጋው የተለየ ጉድ ነው። የጤና መድን ከፍያለሁ፤ መድኑ የሚሠራው ግን መድኃኒቱ ሆስፒታሉ ውስጥ ሲገኝ ነው። ሲጠፋ ከውጭ ግዢ ይሉሻል። ከውጭ ደግሞ አንዱ ፋርማሲ አንድ ዋጋ ይጠራል፣ አጠገቡ ያለው ሌላ። አንደኛው ባለ ፋርማሲ ጠርሙሱን ላሽትተው ስለው በድንጋጤ ከእጄ ነጠቀኝ። የመጀመሪያዎቹን መርፌዎች ከጥንድ በሬያችን አንዱን ሸጬ ተወጋሁ። አንድ በሬ ብቻውን አያርስም። መቀናጆ እየለመነ ከሰው ደጅ ከመቆም ብሎ አንድ ልጄ ይታየው ወደ መተማ ወረደ፣ ሰሊጥ ሊያጭድ። «ለቀጣዩ መርፌ እደርሳለሁ፤ አንቺ ብቻ ቀጠሮሽን አታሳልፊ» ብሎኝ ሄደ። ከዚያ ወዲህ ኔትወርክ አንድ ቀን መጥቶ ሳምንት ይጠፋል፤ መንገዱም ሲከፈት ሲዘጋ ነው። ድምፁን ከሰማሁ ቆየሁ።

በሽታዬን ከይታየው በቀር ለማንም አልነገርሁም። ነቀርሳ ያለባት ሴት የነካችውን ቅቤ ማን አናቱ ላይ ይቀባዋል? አይጋባም ብሎ ኤልሳ ብትምል እንኳ ገበያ ሐኪም አይሰማም። እንጀራዬ ነው። ለጎረቤት ሁሉ «ለእብጠት መርፌ እወጋለሁ» አልሁ፤ አለፈ።

ጠጉሬ ሲረግፍ ግን ነገር መጣ። እኛ ዘንድ ሴት ራሷን የምትላጨው ለሞት ነው። ባሌ ወልደ ገብርኤል ሲሞት ተላጭቻለሁ፤ መንደሩ ያን ራሴን ያውቀዋል። ስለዚህ ሻሼን ግንባሬ ድረስ አጥብቄ አሠርሁ፤ ልታጠብ ካልሆነ ጓዳም ቢሆን አልፈታም። የሚያስቀው ጠጉር አልባ ሆኜ የጠጉር ቅቤ መሸጤ ነው። «አበቡ፣ ይህ ጠጉር ያለሰልሳል ወይ?» ሲሉኝ «የኔን ብታዪው» እላለሁ፤ እግዜር ይቅር ይበለኝ።

ሦስተኛውን መርፌ ተወግቼ ከተመለስሁ በኋላ የመንደሩ ሰው ጠባዩ ተለወጠብኝ። መጀመሪያ ያወቅሁት በገበያ ነው። ሰው አልከራከረኝ አለ። የጠራሁትን ዋጋ ዝም ብለው ይከፍላሉ። አንዷማ የሰጠኋትን መልስ ሳትቆጥር ከተተችው። የማይከራከር ሰው የሚደብቀው ነገር አለው፤ ይህን ከእናቴ ጡት ጋር ነው የጠጣሁት።

ከዚያ ቤት ለቤት ሆነ። ስደርስ ሳቅ ያቆማሉ። ጎረቤቴ የትነበርሽ፣ እሷም ቅቤ ነጋዴ ናትና የእሳት መጫሪያ እንኳ የማታበድረኝ ሴት፣ ሽሮ ወጥ ሠርታ በሰሐን ይዛልኝ መጣች። ሰሐኑን ተቀብዬ አሸተትሁት።

«ምነው የትነበርሽ? ምን ተገኘ?»

«ምን ይገኛል። ጎረቤት አይደለሁ?»

ዓይኗ ሸሸ። ወጡ ደህና ነበር፤ ዓይኗ ግን አልነበረም። ቁጭ ብላ እጇን አገጯ ላይ አድርጋ ታየኛለች። እኔም አያታለሁ። ደንበኞቼን ልትወስድ ነው እንዳልል የራሷን ቅቤ ጥላ እኔ ዘንድ ትውላለች።

አንድ ሌሊት ተኝቼ ስገላበጥ ነገሩ በራልኝ። ይታየው! እነዚህ ሰዎች የልጄን ነገር ሰምተዋል። መርዶ ደብቀውኛል። የሚነግረኝ ሽማግሌ እስኪሰበሰብ፣ ጊዜ እስኪመቻች ነው የሚያባብሉኝ። ባገራችን ሞት እንዲህ ነው፤ ከሟቹ ዘመድ በቀር ሁሉም ቀድሞ ያውቀዋል። ከዚያ ቀን በኋላ የማየውን ፊት ሁሉ ሳነብ ዋልሁ። የቄሱ ሰላምታ ረዘመብኝ። ልጆች ሲያዩኝ መንገድ ለቀቁልኝ። ብጠይቅ ይነግሩኛል ብዬ ፈራሁ፤ እስካልጠየቅሁ ድረስ ግን ተስፋ አለኝ።

ለአራተኛው መርፌ ቀጠሮዬ ሁለት ቀን ሲቀረው፣ ወፍ ሳይንጫጫ በሬ ተንኳኳ። ከፈትሁት። የባሌ ታላቅ ወንድም አያ ምንዳዬ ቆመዋል፤ የእድራችን ዳኛ ናቸው። ከኋላቸው ወንዶች፣ ከወንዶቹ ኋላ የትነበርሽና ሴቶቹ። ጋቢያቸውን አዘቅዝቀው ለብሰዋል። ማንም ደህና አደርሽ አላለኝም። ገብተው መደቡ ላይ ተቀመጡ፤ መሬት መሬት አዩ። መርዶ ጎህ ሳይቀድ እንደሚነገር እኔም አውቃለሁ፤ ስንቱን ሲያረዱ አብሬ ሄጃለሁ።

አያ ምንዳዬ መቋሚያቸውን ተደገፉ። «እንግዲህ አበቡ፣ ብቻሽን አትቻይው። እኛም ሰው ነን። እግዜር ያጥናሽ።»

«ይታየው ነው?» አልሁ።

አያ ምንዳዬ አንገታቸውን ደፉ።

ከዚያ በኋላ ያለውን በደንብ አላስታውሰውም። ደረቴን እንደመታሁ፣ ቁስሌ እንዳመመኝ፣ ሴቶቹ እጄን እንደያዙኝ አውቃለሁ። መንደሩ በለቅሶ ተናወጠ። አንድ ልጄን በኔ መድኃኒት ገደልሁት እያልሁ ጮኽሁ። ያ ቀይ ውኃ የወሰደው በሬዬን ብቻ መስሎኝ ነበር። ሰሊጥ ልጨድ ሲል ያላስቀረሁት እኔ ነኝ፤ ሲሄድ የመረቅሁት እኔ ነኝ። ለኔ ዕድሜ የልጄን ዕድሜ ከፈልሁ።

ፀሐይ ወጥታ ግቢው በሰው ከሞላ በኋላ፣ ስንፈራገጥ ሻሼ ወልቆ ወደቀ። መላጣ ራሴ ለሰው ሁሉ ታየ። እኔ ራሴን በእጄ ሸፈንሁ።

ማንም አልደነገጠም።

ለቅሶ ላይ ብሆንም ያ ነገር አእምሮዬን ጠቅ አደረገው። ከግንባሬ እስከ ማጅራቴ አንዲት ዘለላ የሌላት ሴት ፊታችሁ ቆማ እንዴት አትደነግጡም? ምነው እንደሚያውቁት ዕቃ አዩት? እምባዬን በእጅጌዬ ጠረግሁና ቀና አልሁ።

«አያ ምንዳዬ፣ ልጄ የት ነው የሞተው?»

ከፊታቸው ሄጄ ቆምሁ።

«ማን ቀበረው? ማን አየው? መርዶውን ይዞ የመጣው ሰው ማነው? ይቅረብና ይንገረኝ።»

አያ ምንዳዬ ወደ ወንዶቹ ዞሩ፤ ወንዶቹ ወደ ሴቶቹ፤ ሴቶቹ ወደ የትነበርሽ። የትነበርሽ የነጠላዋን ጫፍ ታኝካለች።

«እኔን ምን ታዩኛላችሁ?» አለች። «ያየሁትን ነው የተናገርሁት። ጓሮ ስትታጠብ አጥሩ ላይ ነበርሁ። ራሷን ተላጭታለች። እንግዲህ ባሏ ድሮ ሞቷል፤ ከይታየው በቀር ማን አላት? ጎንደር ሰምታ፣ እዚያው ተላጭታ መጥታ ደበቀችን አልሁ።»

«ልጄ ሞቶ እኔ እደብቃለሁ?»

«ለቅሶ ከተቀመጥሽ የኅዳር ገበያ ያልፍሻላ። ጾም ሳይገባ ቅቤው የሚሸጥበት ጊዜ ነው።» ድምፅዋ አነሰ። «ሁላችንም እንደዚያ ነው ያልነው።»

አየኋቸው አንድ በአንድ። እኔ እነሱ መርዶ ደበቁኝ ስል፣ እነሱ እኔ ደበቅሁ ሲሉ ኖረዋል። ሊያረዱኝ አልመጡም፤ ብቻዬን እንዳላለቅስ ሊያስለቅሱኝ መጥተው ነው። እኔ «ይታየው ነው?» ስል አያ ምንዳዬ የነገርኋቸው መስሏቸው አንገታቸውን ደፉ። ልጄን የገደለው የኔው ራስ ነው። ሳቅ እንደ ሳል ያዘኝ።

«ሐዘኑ አናቷ ላይ ወጣ» አለ አንዱ።

«አልወጣም። ራሴን የላጨኝ መድኃኒት ነው።»

«ጠጉር የሚላጭ መድኃኒት አለ? አበቡ፣ አትካጂ፤ ሐዘን ሲካድ ያሳብዳል።»

እንግዲህ ምን ላድርግ። የቀሚሴን ደረት ከፈትሁና ሜዳ የሆነውን ገላዬን፣ የተሰፋበትን ጠባሳ አሳየኋቸው። «ነቀርሳ ነው» አልሁ። ያን ቃል መንደሬ ውስጥ ድምፄን ከፍ አድርጌ ስጠራው የመጀመሪያዬ ነው። ወንዶቹ ፊታቸውን አዞሩ። ከሴቶቹ አንዷ፣ ቅዳሜ ቅቤ የሸጥሁላት፣ አናቷን በነጠላዋ ጠረግ ስታደርግ አየኋት። ይኸው አልሁ፣ ገበያዬ እዚህ ላይ አለቀ።

ግን ከተጀመረ አይቀር ተናገርሁ። ቶሎ የሚያድገውን ሁሉ እንደሚመታ፣ ጠጉሬ ያለ ጥፋቱ እንደተመታ፣ አረሙ ተነቅሎ ዘሩ እንዳይቀር መሆኑን፣ ነቀርሳ በእጅም በቅቤም እንደማይጋባ። ኤልሳ የነገረችኝን፣ እኔ ራሴ በሆዴ ስጠራጠረው የኖርሁትን ሁሉ፣ እንደ ሰበካ ቄስ ቆሜ አስረዳሁ። የምትጠራጠር ሴት ስትምል ማየት ለእነሱም እንግዳ ነበር።

አያ ምንዳዬ በመቋሚያቸው መሬቱን ጫር ጫር አደረጉ። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም። እኛ ሰው አልነበርንም? ምነው ደበቅሽን?»

«ያችን አናቷን የምትጠርገውን ይጠይቋት» አልሁ። ሴትዮዋ እጇን አወረደች።

«መርፌው ከነገ ወዲያ ነው» አልሁ ቀጥዬ። «ለይታየው ለቅሶ እድሩ ያዋጣው አለ አይደል? የሞተ ሰው ከሌለ ለመድኃኒቴ ይሁነኝ።»

ወንዶቹ ተያዩ። አያ ምንዳዬ ነበሩ የመለሱልኝ። «እድር ለሞት ነው አበቡ። አባቶቻችን እንደዚያ ነው የሠሩት። አንድ ጊዜ ለበሽታ ከከፈትነው የማይታመም ማን አለ? የሚቀብረን እናጣለን።»

«እንግዲያው ስሞት ትሰጡኛላችሁ።»

ጀርባዬን ሰጠኋቸው። ደንቡም ውሸት አልነበረም፤ ያናደደኝ እሱ ነው።

ንዴቱ ሲበርድ ደግሞ ሌላው ፍርሃት ተመለሰ። ይታየው ሞተ ያለ ሰው እንደሌለ አወቅሁ። በሕይወት አለ ያለስ ማን ነው? የትነበርሽ አጠገቤ ተቀምጣ «ቀጠሮሽን አታሳልፊ፤ እኔ ይዤሽ እሄዳለሁ» አለችኝ።

«አልሄድም። ልጄ ከሌለ ያን እሳት ለማን ብዬ ነው የምጠጣው? ወሬውን ሳልሰማ ከዚህ ግቢ አልወጣም።»

«መድኃኒቱ ካልተወሰደ ዘሩ ይበቅላል አላልሽም?»

«ይብቀል።»

ከአፌ ያወጣሁትን እንደማልመልስ ታውቃለች። ሰዉ ለመሄድም ለመቀመጥም ቸገረው። የለቅሶ ሰው ሟች ሲያጣ ምን እንደሚያደርግ ደንብ የለውም። እንዲያው በየጥጉ ቁጭ እንዳሉ ከሰዓት ሆነ።

ከዚያ ከወንዙ ማዶ የወንድ ለቅሶ ሰማን። እየሮጠ የሚያለቅስ ሰው ድምፅ ነው፤ ቁልቁለቱን ሲወርድ ይቆራረጣል። ግቢው ሁሉ ጆሮውን አቆመ።

«ወይኔ እናቴ! ወይኔ አበቡ! ሰው የማታምኚው እናቴ፣ ዛሬ ማንን አምነሽ ሄድሽ!»

የትነበርሽ ክንዴን ያዘችኝ። የይታየው ድምፅ ነው። ሮጬ መውጣት ነበረብኝ፤ እግዜር ያሳያችሁ፣ አልወጣሁም። መጀመሪያ ጆሮዬን አላመንሁትም። ስንት የልጅ ድምፅ ይመሳሰላል። ሁለተኛ፣ አልዋሽም፣ ምን እንደሚለኝ ልሰማ ፈለግሁ።

«ሚዛንሽ የማይዛባ! እጅሽ የማይሰስት! በኔ ላብ ልትድኝ ስመጣልሽ፣ ምነው አንድ ቀን ብትጠብቂኝ!»

እጅሽ የማይሰስት ያለው ውሸት ነው። ሚዛኑ ግን እውነት ነው። በሩን ከፍቼ፣ ራሴን እንኳ ሳልሸፍን ወጣሁ።

ይታየው አጥሩ ጋ ሲደርስ አየኝ። እቅፉ ውስጥ የነበረው ጥቅል ወደቀ። ትክል ድንጋይ ከመኪና ሲወርድ አንዱ «እነ አበቡ ቤት ከንጋት ጀምሮ ለቅሶ ነው» ብሎታል። በሽታዬን የሚያውቀው እሱ ብቻ ነውና ማን ሞተ ብሎ መጠየቅ አላስፈለገውም። ሄድሁበትና ፊት ለፊቱ ቆምሁ። ከሳ፣ ዓይኑ ቢጫ ሆኗል፤ ወባ እንደያዘው ገና ከሩቅ ያስታውቃል። በመጀመሪያ በጥፊ መታሁት።

«ስልክ የለህም? ወሬ የሚልኩበት ሰው የለም?»

«ኔትወርክ የለም፤ ታምሜም ነበር» አለ። እጁን ራሴ ላይ አድርጎ ዳበሰኝ። እስኪሞቀው ድረስ ዳበሰኝ። ከዚያ ሁለታችንም መሬቱ ላይ ተቀምጠን አለቀስን፤ ያን ጊዜ ግቢው ሁሉ አብሮን አለቀሰ፤ ሲጠብቀው የዋለ ለቅሶ ነበርና።

ጥቅሉን ያነሣችው የትነበርሽ ናት። ስትፈታው የመግነዝ አቡጀዲ ነው፤ ነጭ፣ አዲስ፣ እጥፋቱ ያልተፈታ። ልጄ እናቱ በአሮጌ ነጠላ እንዳትገነዝ ከሰሊጡ ደመወዝ ላይ ቆንጥሮ የሱቁን ጥሩውን መርጦ ገዝቶልኛል።

ቤት ገብተን ከወገቡ የታሰረውን ገንዘብ ፈታ። ግማሹን ወባው በልቶበታል። የቀረውን ቆጥሬ ከመድኃኒቱ ዋጋ ጋር አስተያየሁት። ለጥቂት አልሞላም። የጎደለውን ስመረምረው የመግነዙ ዋጋ ነው። ለሞተችው አበቡ የሚያስፈልጋት ሁሉ ተገዝቶላታል፤ የቆመችው አበቡ ናት የጎደለባት።

«ለሱቁ መልሰው» አልሁት።

«መግነዝ አይመለስም እማዬ። ማን ይቀበለኛል?»

እውነቱን ነው። በሰው ስም የተገዛ መግነዝ ሱቅ አይመልሰውም፤ ጎረቤትም አይገዛውም፤ ሟርት ነው። ጨርቁን ጉልበቴ ላይ አድርጌ ቁጭ አልሁ። ሰዉ ሹልክ ሹልክ እያለ ወደየቤቱ መሄድ ጀምሮ ነበር። አያ ምንዳዬ ግን ከመደቡ አልተነሡም። እንደ ገበያ ሰው አቡጀዲውን ያዩታል።

«እስቲ አምጪው» አሉ። በሁለት ጣታቸው አሸት አሸት አደረጉት። «ይህን ስንት ትይዋለሽ?»

«ለምንዎ?»

«እኔ ሽማግሌ ነኝ። ዛሬም ባይሆን ነገ አይቀርልኝም። እድሩ ለሞት ነው አልሁሽ፤ ኪሴ ግን የራሴ ነው።»

ከልማዴ ከፍ አድርጌ ጠራሁ። አያ ምንዳዬ ሳይናገሩ የከረጢታቸውን አፍ ፈቱ።

እጃቸውን ያዝሁት። «አያ፣ ይከራከሩ።»

«ምነው? የጠራሽውን ልከፍልሽ አይደለም?»

«የማይከራከር ሰው የሚደብቀው አለው። ምጽዋት አልቀበልም። ካልተከራከሩ አልሸጥም።»

ዓይናቸው ውኃ ሞላ። በጋቢያቸው ጠረጉትና አቡጀዲውን ወደ በሩ ብርሃን ከፍ አድርገው እንደ ጠላት መረመሩት።

«ሳሳ ያለ ነው» አሉ።

«ሳሳ? አሸት ያድርጉት እስቲ። ዛሬ ከሱቅ የወጣ ነው።»

«ጠርዙ አልተቆለፈም። ቁመቱም ለአንቺ ነው የተለካው፤ እኔ ረጅም ነኝ።»

«እስኪደርስዎ ያጥራሉ።»

ይታየው ሳቀ። ከይታየው ጋር የትነበርሽ ሳቀች። እኔና አያ ምንዳዬ ግን አልሳቅንም፤ ገበያ ላይ ነበርን። እሳቸው ዝቅ ሲያደርጉ እኔ ስምል፣ እኔ ስቀንስ እሳቸው ሲነሡ፣ እንደገና ሲቀመጡ፣ በሕይወቴ የሸጥሁት ቅቤ ሁሉ ያን ያህል አላከራከረኝም። በመጨረሻ ልጄ በገዛበት ዋጋ ተስማማን። ብሩን አንድ በአንድ ወደ ብርሃን ይዤ አየሁት። እሳቸውም አቡጀዲውን አጥፈው በብብታቸው ያዙና በሩ ላይ ቆሙ።

«እስክጠቀምበት ቢዘገይና ብል ቢበላውስ?» አሉኝ።

«መጥቼ አየዋለሁ አያ» አልኋቸው። «በየዓመቱ መጥቼ አየዋለሁ።»